"ጊዜው ገና ነው" ያልኩባቸው ዓመታት

ባለፈው እሁድ ከአምልኮ በኋላ አንዲት የወጣቶች ኅብረት ልጅ በር ላይ ያዘችኝ። 22 ዓመቷ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ አንድ ሴሚስተር ቀርቷታል። "ጌታ ለአገልግሎት እንደጠራኝ አውቃለሁ፣ በእሱ ጥርጥር የለኝም፤ ግን ጊዜው መቼ እንደሆነ በምን ይታወቃል?" አለችኝ። እኔም ስቸኩል "የእግዚአብሔር ጊዜ ፍጹም ነው፣ ታገሺ" ብያት ባጃጅ ልይዝ ሄድኩ።

ባጃጁ ሳይነሳ ቆጨኝ። ይህችን መልስ እኔም በእሷ ዕድሜ ሰምቻታለሁ። ውሸት አይደለችም። ግን እኔን መጀመሪያ አስለቀሰችኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ መደበቂያ ሆነችኝ። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ ለሚጠይቅ ሁሉም፣ በር ላይ ያልመለስኩትን እዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

2001 ዓ.ም. ክረምት ነው። 21 ዓመቴ ነበር። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ሲወርድ ከተማዋ በቀን ትጨልማለች። የወጣቶች የጸሎት ፕሮግራም ነበረንና ኢሳይያስ 40 ተነበበ። "አጽናኑ፥ ሕዝቤን አጽናኑ ይላል አምላካችሁ።" ቃሉን ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የዚያን ዕለት ግን አንድ ሰው ስሜን ጠርቶ የላከኝ ያህል ሆነብኝ። ራእይ አላየሁም፣ ድምፅም አልሰማሁም። ማልቀስ ብቻ ጀመርኩ፣ እያለቀስኩም "እሺ" አልኩ።

እሺ ያልኩት ለምን እንደሆነ ግን ያወቅሁ መስሎኝ ነበር። አዲስ አበባ የሥነ መለኮት ኮሌጅ እገባለሁ፣ እመረቃለሁ፣ መድረክ ላይ ቆሜ ሕዝቡን አጽናናለሁ። በልቤ የነበረው ሥዕል ይኸው ነበር።

ሽማግሌዎቹ ጋ ሄድኩ። በደግነት ነው ያናገሩኝ፣ ይህን ልሰውር አልፈልግም። "ልጄ፣ በጸሎት እናቆየው፣ ጊዜው ገና ነው፣ መጀመሪያ ሥራ ያዢ" አሉኝ። በዓመቱ ተመለስኩ፤ ገና ነው። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ሄድኩ፤ ከትዳር በኋላ ቢሆን ይሻላል ተባልኩ። ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት የጠየቀው ወንድም ግን ተልኮ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

ያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ እያለቀስኩ በእግሬ ሄድኩ። ዛሬ ሳስበው፣ ያኔ ብላክ ኖሮ ሐዘን ቤት ገብታ የማታውቅ ልጅ ስለ መጽናናት ልታስተምር ነበር፣ ስለዚህ አባቶቹ በአንድ በኩል ልክ ነበሩ። በሌላ በኩል ግን ልክ አልነበሩም። የሰው ውሳኔ "የእግዚአብሔር ጊዜ" የሚል ልብስ ሲለብስ ዝም ማለት ተገቢ አይመስለኝም። የወሰንነው እኛ ከሆንን "እኛ ወስነናል፣ ምክንያታችንም ይህ ነው" ብንል ይሻላል። ሰው በሽማግሌዎች ሊያዝንና ይቅር ሊል ይችላል። እግዚአብሔር አልፈለገኝም ብሎ ካዘነ ግን ያ ሐዘን በቀላሉ አይወጣም።

ሥራ ያዝኩ። ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሂሳብ ክፍል። ሰርቪሱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከፒያሳ ይነሳና የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዳል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ደሴ ላይ በጋቢ ተጠቅልለሽ ተሳፍረሽ ታች ስትደርሺ ሹራብ ታወልቂያለሽ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ መንገዱን ሲውጠው ሹፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ይጠመዘዛል፣ ፊት ለፊት የሚታየው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። እኔ መስኮት ጥግ ተቀምጬ እጸልያለሁ። ጸሎቴ ለብዙ ዓመት አንድ ዓይነት ነበር፦ "ጌታ ሆይ፣ መቼ ነው?"

አሁን ለማንም በግልጽ ነግሬው ወደማላውቀው ነገር ልምጣ።

በ2006 ዓ.ም. በሩ ተከፈተ። የጠየቅሁት ኮሌጅ ተቀበለኝ፣ ክፍያውን የሚሸፍን ሰው ተገኘ፣ ሽማግሌዎቹም በዚህ ጊዜ "ሂጂ" አሉ። ትምህርቱ መስከረም ላይ ይጀምራል። ደብዳቤውን ይዤ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ከዚያ ለጸሎት ቡድናችን "ጌታ ገና ነው ብሎኛል" አልኳቸው። ሁሉም "አሜን" አሉ። አንዷ እህት ትዕግሥቴን አመሰገነች።

ጌታ ምንም አላለኝም ነበር። ፈርቼ ነው። ደመወዜ ከፍ ብሎልኛል፣ በወር በወር ለቤት የምሰጠው ብር አለ፣ የለመድኩት ወንበርና የለመድኩት ሰርቪስ አለ። አምስት ዓመት በሩን ሳንኳኳ ኖሬ፣ ሲከፈት እግሬ አልሄድ አለኝ። ይህን ለራሴ እንኳ ያመንኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ለአምስት ዓመት ያስለቀሰኝን ቃል ራሴ አንስቼ ለበስኩት።

ሙሴን ደጋግሜ የማነበው ለዚህ ነው። በሐዋርያት ሥራ 7 ላይ እስጢፋኖስ እንደሚተርከው ሙሴ 40 ዓመት ሲሞላው ወንድሞቹን ሊጎበኝ ወጣ፣ ግብፃዊውንም መታ። እግዚአብሔር በእጁ እንደሚያድናቸው የሚያስተውሉ መስሎት ነበር፤ እነሱ ግን አላስተዋሉም። ጥሪው እውነት ነው፣ ጊዜውና መንገዱ ግን የራሱ። ሸሽቶ ምድያም ገባ፣ 40 ዓመት በግ ጠበቀ። ከዚያ ጊዜው ሲደርስ፣ እግዚአብሔር ራሱ ከቁጥቋጦው ውስጥ "ና፣ ልላክህ" ሲለው፣ ያ ያኔ ሳይላክ የወጣ ሰው ምን አለ? እኔ ማን ነኝ አለ። አያምኑኝም አለ። አፌ አይፈታም አለ። በመጨረሻም ሌላ ሰው ላክ አለ። ቀድሞ መውጣትም ወደ ኋላ መቅረትም በአንድ ሰው ውስጥ ናቸው። ስለ መቸኮል ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። ስለ ሁለተኛው የሰማሁት በጣም ጥቂት ነው፣ ምናልባት ትዕግሥት ስለሚመስል ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ቁጥቋጦው የነደደው ኮሬብ ላይ ነው፣ ሙሴ የአማቱን በግ እየነዳ የደረሰበት ቦታ። እግዚአብሔርም ሕዝቡን ካወጣህ በኋላ በዚሁ ተራራ ላይ ታመልኩኛላችሁ አለው። የጥበቃው ምድርና የሥራው ምድር አንድ ሆነ።

የእኔ ምድር ሆስፒታል ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ላይ እናቴን ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ አፏም ተያዘ። ሆስፒታል ተኛች፣ ወጣች፣ ተመልሳ ገባች፣ እንዲህ እያለ 10 ወር ሄደ። ቀን ወንድሜ፣ ማታ እኔ። ከኮምቦልቻ እመለስና ፔርሙዝና ምግብ በፌስታል ይዤ እገባለሁ፣ አልጋዋ ሥር ካርቶን አንጥፌ እተኛለሁ። ጎረቤታችን፣ የሙስሊም እናት ናቸው፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ትኩስ አጥሚት ይዘው ይመጡ ነበር። "ኸይር ነው ልጄ፣ አላህ ያለው አይቀርም" ይሉኛል፣ እናቴንም በማንኪያ ያጎርሷታል። ያን ጊዜ ከሰማሁት ማጽናኛ ሁሉ የገባኝ የእሳቸው ነበር። ብዙ አይናገሩም። ይመጣሉ።

አንድ ሌሊት ኮሪደሩ ላይ አንድ አባት ጠሩኝ። ከደላንታ ነው የመጡት፣ ልጃቸውን ይዘው። በእጃቸው የታዘዘ ወረቀት አለ፣ ገልብጠው ነው የያዙት። "ልጄ፣ እስቲ ይች ወረቀት ምን ትላለች?" አሉኝ። የላቦራቶሪ ትእዛዝ ነበረች። ከቀን ጀምሮ ይዘዋት ሲዞሩ አምሽተዋል። ሰው ሁሉ "በዚያ በኩል" ይላቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ በሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አይችሉም። ይዣቸው ሄድኩ፣ ክፍሉን አሳየኋቸው፣ የሚከፈልበትን ነገርኳቸው፣ ተመልሰን ሻይ ጠጣን። በማግስቱ ሌላ እናት ይዘው መጡ። "ይች ልጅ ታነባለች" ብለው።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ የሚጠብቀኝ ሰው አይጠፋም። ከወረኢሉ የመጣ፣ ከወግዲ የመጣ፣ ከአፋር በኩል የመጣ። ካርድ ክፍል የቱ ጋ ነው? መድኃኒቱ እዚህ ከሌለ ውጪ የት ይገዛል? ስልኬን የት ቻርጅ ላድርግ? የሞተባቸውም አሉ። ገጠር ድረስ አስከሬን የሚወስድ መኪና ዋጋ ሲነገራቸው ዓይናቸው የሚሆነውን አይቻለሁ፤ እንባ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ የዘመድ ስልክ እደውላለሁ። ስብከት አልሰበክሁም። ከእናቴ አልጋ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ እየተመላለስኩ ይህን ስሠራ፣ አገልግሎት እያገለገልኩ ነው የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ አልመጣም። እንዲያውም በዚያው ሰሞን ጸሎቴ "ጌታ ሆይ፣ ዕድሌን አሳልፌያለሁ፣ ይቅር በለኝ" የሚል ነበር።

እናቴ በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አረፈች። ለቅሶው ላይ ከሰው ተርታ ያንን የደላንታ አባት አየሁ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ዱላቸውን ይዘው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፣ ልጃቸውም ድና አብራቸው መጥታለች። ያን ዕለት ማታ ኢሳይያስ 40ን ገልጬ አነበብኩ፣ ከዓመታት በኋላ። "አጽናኑ" ይላል እንጂ የት ቆማችሁ እንደሆነ አይልም።

ስለ 2013 እና 2014 ዓ.ም. በአጭሩ ልለፍ፣ ለእኛ ለወሎ ሰዎች ቁስሉ ገና ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ከራያና ከወልድያ በኩል ተፈናቃዩ ደሴን ሞላት፣ ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ ሰው ሆኑ። ኮሪደር ላይ የተማርኩት እዚያ አገለገለኝ፤ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ምን እንደሚጠየቅ አውቅ ነበር። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኛም ተፈናቀልን። በሰርቪስ ስወርደው የኖርኩትን ሐረጎ በእግሬ ወረድኩት፣ አሮጊቶችና ሕፃናት ከተሸከሙ ሰዎች ጋር። ደብረ ብርሃን አንድ ትምህርት ቤት ወለል ላይ፣ ዳግም ካርቶን ላይ፣ ተኛሁ። በማግስቱ ጠዋት አንዲት የማላውቃት ሴት በብርጭቆ ሻይ ሰጠችኝ። "ጠጪ" ነው ያለችኝ፣ ሌላ ቃል የለም። ሁለት እጄ እየተንቀጠቀጠ ያዝኩት። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች እኛ በተጽናናንበት መጽናናት ሌሎችን እናጽናና ዘንድ ብሎ የጻፈውን ብርጭቆ ይዤ አሰብኩት።

ግን ማንም እንዲሳሳት አልፈልግም፤ ጦርነቱን የእግዚአብሔር ጊዜ ብሎ የሚጠራ ካለ እኔ አልስማማም። የእናቴንም ሕመም እንዲሁ። እግዚአብሔር እኔን ለማስተማር እናቴን አሳመማት ብዬ ማመን አልችልም፣ አላምንምም። እዚያም አልተወኝም፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው።

ከተመለስን በኋላ፣ ሥራዬን ሳልተው፣ በርቀት የሥነ መለኮት ትምህርት ጀመርኩ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስንማር ኦነሲሞስ ነሲብን አገኘሁት። ስሙን ድሮም አውቀው ነበር፣ ታሪኩን ግን አላውቅም ነበር። በልጅነቱ ተሰርቆ በባርነት የተሸጠ፣ ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣ፣ በ1872 እ.ኤ.አ. የተጠመቀ፣ ስዊድን ሄዶ የተማረ ሰው ነው። ሸክሙ አንድ ነበር፤ ወንጌልን ይዞ ወደ ተወለደበት ወደ ኦሮሞ ሕዝብ መመለስ። በ1881 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል ሞከረ፣ አልሆነም፤ አብረውት ከተጓዙት በመንገድ የቀረ አለ። በሌላ አቅጣጫ እንደገና ሞከረ፣ ሸዋ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ምፅዋ አጠገብ ተቀመጠና መተርጎም ያዘ። አስቴር ጋኖ፣ እሷም ከባርነት የወጣች፣ ቋንቋውን በማበልጸግ ረዳችው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። ኦነሲሞስ ወለጋ የገባው በ1904 ነው። ከመጀመሪያው ሙከራ 23 ዓመት በኋላ፣ ግን መጽሐፉን ይዞ።

እግዚአብሔር መንገዱን የዘጋው ለዚህ ነው ብዬ ለመናገር አልደፍርም፣ እኔ የእሱ አማካሪ አይደለሁም። የሚገርመኝ ኦነሲሞስ በተዘጋው መንገድ ፊት የሠራው ነው። መግባት ካልቻለ ቃሉን በቋንቋቸው ያዘጋጃል። እጁ አላረፈም።

ከዚህ ጋር ሐዋርያት ሥራ 16ን አንብቢው፣ እህቴ። ጳውሎስ በእስያ፣ ያኔ የሮም አውራጃ በነበረችው፣ ቃሉን እንዳይናገር መንፈስ ቅዱስ ከለከለው። ቢታንያ ሊገባ ሞከረ፣ አሁንም አልፈቀደለትም። ያ ክልከላ ለዘላለም አልነበረም፤ በኋላ የእስያ ዋና ከተማ ኤፌሶን ሄዶ ሁለት ዓመት አስተማረ፣ የእስያ ሰው ሁሉ ቃሉን ሰማ ይላል ምዕራፍ 19። እኔን ግን የነካኝ ሌላ ነው። ጳውሎስ የተከለከለው እየሄደ እያለ ነው። "ገና ነው" የሚለው መልስ መንገድ ላይ ነው ያገኘው። በ2006 ዓ.ም. እኔ ያንን መልስ ለራሴ የሰጠሁት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነው፣ አንድ እርምጃ ሳልራመድ።

ስለዚህ በምን ይታወቃል ላልሺኝ፣ ቀኑን የሚያሳይ ነገር የለኝም። እየጠበቅሽ ነው ወይስ እየተደበቅሽ የሚለውን ግን መለየት የሚቻል ይመስለኛል። ስጠብቅ በነበረበት ጊዜ በሩን አንኳኳ ነበር፣ "ገና" ሲሉኝ ያመኝ ነበር፣ እያመመኝም ሰው እጠይቅ ነበር። ስደበቅ ግን "ገና" የሚለው ቃል እፎይ ያሰኘኝ ነበር። ያ እፎይታ ነው ምልክቱ፣ ቢያንስ በእኔ ላይ። ደግሞም ስደበቅ ጸሎቴን ማንም እንዳይጠይቀኝ እፈልግ ነበር። ለአንዲት የምታምኛት ሰው "እውነት ጌታ ነው ያለሽ ወይስ ፈርተሽ ነው?" ብላ እንድትጠይቅሽ ፍቀጂላት። እኔን የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልፈቀድኩም ነበር።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሆስፒታሉ እንሄዳለን። ሦስት ሴቶችና አንድ ጡረታ የወጡ ነርስ ነን። ሻይና ዳቦ ለአስታማሚዎች እናድላለን፣ ወረቀት እናነባለን፣ ክፍል እናሳያለን። አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው። በሕመሙ ደክሞ ባለበት ሰዓት ሰውን ስለ ሃይማኖት መሟገት ልክ ነው ብዬ አላምንም። "ልጸልይልዎት?" ብለን እንጠይቃለን። "ዱዓ አድርጊልን" የሚሉ አሉ፣ ዝም የሚሉም አሉ። ዝም ላሉት ሻይ እንቀዳለን።

ይህን ሥራ በሙሉ ጊዜ እንድይዘው ሚያዝያ ላይ ለሽማግሌዎች ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ፋብሪካውን ለቅቄ፣ በትንሽ ደመወዝ፣ በየቀኑ። መልሱ አልመጣም። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ጠየቅሁ፣ "ገና ነው" አሉኝ። "ምን እንደጎደለ ንገሩኝና እሱን ላሟላ" አልኳቸው። ለሚቀጥለው ስብሰባ ቀጠሩኝ። አልዋሽሽም፣ አሁንም ያመኛል።

ዛሬ ማታ ለዚያች ልጅ ደውዬላታለሁ። በር ላይ ስለቸኮልኩ ይቅርታ ጠየቅኋት። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆስፒታሉ በር እንገናኝ አልኳት። ወፍራም ሹራብ ልበሺ፣ ጠዋት ብርድ ነው። ፔርሙዝ ካለሽም አምጪ፣ ያሉን ሁለት ብቻ ናቸው።